በሰቃው ቤት ያሳደርኩት መርዶ

ባለፈው ኅዳር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጄ ሄለን ስልኬን ከራስጌዬ አንስታ «ቻርጅ ላድርግልሽ» ብላ ወሰደችው። ስልኬ ሙሉ ነበር፤ ማታ ራሴ ሰክቼው ነው የተኛሁት።  ተነስቼ ፊቴን ስታጠብ በጓሮ በኩል የወንድ ድምፅ ሰማሁ። አጋሮ የሚሠራው ልጄ ዳዊት ነው። ዳዊት ሳይደውል መጥቶ አያውቅም፤ ያውም በሥራ ቀን፣ ያውም ገና ፀሐይ ሳትሞቅ። «እንዲሁ ናፍቀሽኝ ነው» አለኝና ጉንጬን ስሞ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻውም። ስልክ የሚሰወርበት፣ ራቅ ብሎ ያለ ልጅ በማለዳ ከች የሚልበት፣ «እስቲ ቅመሽ» የሚበዛበት ጠዋት አንድ ዓይነት ብቻ ነው። እህቴ አበባ አዲስ አበባ ሆስፒታል ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር።

ሄለን ጨጨብሳ በማር ሠርታ አቀረበችልኝ። «ትኩሱን ብዪ እንጂ እማዬ» አለች። ፊቷን ሳይሆን እጆቿን አየኋቸው። አይንቀጠቀጡም፤ ሳህኑን ቀጥ አድርገው ይዘውታል። እነዚያን እጆች አውቃቸዋለሁ። በሃያ አንድ ዓመቴ የእኔ ነበሩ። ልቤ መደንገጥ ሲገባው አልደነገጠም፤ ያ ድሮ የማውቀው ድንዛዜ መጥቶ ቁጭ አለብኝ። ሳህኑ ፊቴ እንዳለ ስለ እህቴ ማሰብ ትቼ፣ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሰቃ የነበረውን የሐጂ ከማልን ቤት አሰብኩ።

ያኔ ማትሪክ ወድቄ ሁለት ዓመት ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። አባቴ ከሸዋ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ መጥቶ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ቤት ሠርቶ በዚያው የጅማ ሰው የሆነ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ሥራ መፍታቴ ስለሚያሳስበው በቀልድ ይወጋኛል። «አንቺ ልጅ፣ ይህን ወለል ጠርገሽ ጠርገሽ ልትጨርሺው ነው» ይለኛል። ሐጂ ከማል የአባቴ ወዳጅ ነበሩ፤ የታወቁ ቡና ነጋዴ። ከሰቃ ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ በሚያስገባው የአፈር መንገድ ላይ፣ በቡናቸው መሀል ለልጆቻቸው ብለው የሠሩት ቤት ነበራቸው። ልጆቹ ግን አንዱ ድሬዳዋ፣ ሌላው ጂዳ ቀርተው ቤቱን አይጥና ጉሬዛ ሊካፈሉት ሲሉ፣ ሐጂ ለከተማ ሰዎች ለዕረፍት ሊያከራዩት አሰቡ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሰው ከፍሎ ገጠር ያድራል? እኛ እኮ ከገጠር ለመውጣት ነው የለፋነው!»

እንግዶቹን የምትቀበል ሰው ያስፈልግ ስለነበር ሐጂ እኔን ጠየቁ። መጀመሪያ የወሰዱኝ ቀን በረንዳው ላይ አቁመው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እንግዳ በር ላይ አይጠየቅም። መንገዱ እንዴት ነበር አትበዪ፤ መንገዱ መጥፎ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ውኃ ስጪ፣ ወንበር ስጪ፣ ዝም በዪ። ሰው ሲያርፍ ራሱ ያወራል። ሬድዮም አትክፈቺ። ከክፉ ወሬ ሸሽተው ነው የሚመጡት። ወላሂ፣ ክፉ ወሬ ከዚህ በር አይግባ።»

ሥራውን ወደድኩት። ጠዋት ጠዋት የእርጥበቱ ሽታ እንዲወጣ መስኮቶቹን እከፍታለሁ፤ አንሶላውን በሁለት ዋንዛ ዛፎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ አሰጣለሁ፤ ሙዝና አቮካዶ ለቅሜ ጠረጴዛው ላይ እደረድራለሁ። ጊዜው ቡና የሚለቀምበት ነበር። ቀዩ ቡና ተፈልፍሎ ገለፈቱ ሲከመር የሚወጣው ጎምዛዛ ሽታ ግቢውን ይሞላዋል። የከተማ እንግዶች የመጀመሪያው ቀን አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ በሦስተኛው ቀን ሽታ መኖሩንም ይረሱታል። በረንዳው ላይ ሦስት የጅማ በርጩማዎች ነበሩ፣ ወገባቸው ጎድጎድ ያለ፤ አንዴ የተቀመጠባቸው እንግዳ ለምሳ ካልጠሩት በቀር አይነሳም።

ወጥ ቤቱ የዘበኛው ሚስት የአዴ ዘምዘም ነበር። አዴ ዘምዘም ኦሮምኛውንና አማርኛውን ቀላቅለው ሲያወሩ የትኛው የት እንደጀመረ አይታወቅም። ጎደሬ ቀቅለው በዳጣ ያቀርባሉ፤ ጨጨብሳ መፈትፈትም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «በእጅ ነው፣ በማንኪያ አይደለም፤ እጅሽን ቅቤው ይወቀው» ይሉኝ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅና ባለቤታቸው አቶ ግርማ የመጡት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። መኪናቸው ነጭ ነበረች ይባል እንጂ እስከ መስኮቷ ቀይ አፈር ለብሳ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሲወርዱ በአንድ እጃቸው ሆዳቸውን ደገፍ አደረጉ። በቅርቡ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው፣ ሐኪም አየር ቀይሪ ብሏቸው ነው። አቶ ግርማ የመድኃኒቱን ከረጢት እንደ እንቁላል ይዘው ከኋላ ከኋላቸው ይሄዳሉ። ውኃ ሰጠሁ፣ በርጩማ ሰጠሁ፣ ዝም አልኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ውኃውን ጠጥተው ጨረሱና ተነፈሱ። «እንዴት ደስ ይላል፤ ምንም አልጠየቅሽኝም» አሉ። «አዲስ አበባ ሰው ሁሉ ሕመሜን ሲመረምረኝ ከረመ። ከሐኪሙ እማዬ ባሰች!»

ከዚያ በኋላ ወሬያቸው ሁሉ ስለ እናታቸው ነበር። እናታቸው ከእሳቸው ቤት ግድግዳ ለግድግዳ ነው የሚኖሩት። ስኳር ያልተቀላቀለበት ማር በምድር ላይ የለም ብለው የሚያምኑ፣ ማር ሻጭን ሁሉ እንደ ሌባ የሚያዩ፣ ግን ከማር በላይ የሚወዱት የሌለ ሴት ናቸው። «እውነተኛ የጫካ ማር ሳልይዝ አልመለስም» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «አንድ ቀን እንኳ ተሸንፋ ማየት አለብኝ።»

አቶ ግርማ ሥራ ስለነበረባቸው ሰኞ ጠዋት ተመለሱ፤ ለቀጣዩ ቅዳሜ መጥተው ሊወስዷቸው። እኔና እትዬ ጥሩወርቅ ቀረን። እስከ ወንዙ ወርደን እንመለሳለን፤ በየመንገዱ ቆም እያሉ የቡናውን ፍሬ በጥርሳቸው ሰንጥቀው ይመጥጡታል፤ ጉሬዛዎቹን ያዩና «እነዚህ ነጠላ የለበሱ መነኮሳት» ይሏቸዋል። በሁለት ቀን ውስጥ ሆዳቸውን መደገፍ ተዉ።

ረቡዕ ዕለት ሽንኩርትና ዘይት ልገዛ ሰቃ ወጣሁ። ቤቱ ስልክ አልነበረውም፤ ሞባይል የሚባል ነገርም ገና ወደኛ አልደረሰም። ስልክ ያለው ሰቃ በሚገኘው የሐጂ መጋዘን ነው። በዚያ ሳልፍ የመጋዘኑ ጸሐፊ ጠራኝ፤ «ከአዲስ አበባ ነው፣ የቤቷን ልጅ ነው የሚሉት» አለኝ። ተቀበልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ ስምሽ ማን ነበር?»

«ጽጌ ነኝ፣ አቶ ግርማ።»

«ጥሩወርቅ አጠገብሽ የለችም?»

«የሉም፣ ቤት ናቸው።»

 «እናቷ ዛሬ ንጋት ላይ አረፉ» አሉ።

«ነፍስ ይማር» አልኩ። ድምፄን እስካሁን አስታውሰዋለሁ። የሽንኩርት ዋጋ የተነገረው ሰው ድምፅ ነበር።

«ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እሷ ግን አትስማ። ቁስሏ ገና ነው፤ ሰው በሌለበት ሰምታ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይደርስላታል? ቀብሩን ጨርሰን ወንድሞቿን ይዤ እነሳለሁ። ዓርብ ሲነጋ እዚያ ነን። እስከዚያ አጫውቻት። ዓርብ ቁርሷን በጊዜ አብያት፤ ባዶ ሆዷን አትስማ። ጽጌ፣ አደራ!»

«እሺ» አልኩ።

አቶ ግርማን ክፉ ሰው አላደርጋቸውም። በእኛም ቤት ወጉ ይኸው ነበር። አያቴ ሸዋ ሲሞቱ አባቴ የሰማው ከወር በኋላ ነው፤ ያውም ዘመድ ተሰብስቦ ምሳ ካበላው በኋላ። ሰው ብቻውን፣ ተርቦ፣ መንገድ ላይ ሆኖ ክፉ አይስማ ማለት ፍቅር ነው። ዛሬም ግማሽ ልቤ ይህን ያምናል። ግን ያኔ በነበረው መንገድ፣ ጊቤ ወርዶ ጊቤ ለመውጣት፣ ከጅማ አዲስ አበባ ሙሉ ቀን ይፈጃል። እትዬ ጥሩወርቅ እናታቸውን መቅበር ከፈለጉ የግድ በዚያው ረቡዕ ከሰዓት መነሳት ነበረባቸው። ይህን የሚያውቀው ደግሞ በዚያ ግቢ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሽንኩርቱን ይዤ ስመለስ መንገዱ አጭር ሆነብኝ። አላለቀስኩም፣ አልተጨነቅሁም። እግሬ ይራመዳል፣ እጄ ዘንቢሉን ይይዛል፤ ሌላው ሁሉ ደንዝዟል። በጓሮ በኩል ወጥ ቤት ገብቼ ለአዴ ዘምዘም ነገርኳቸው።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ይልጡት የነበረውን ጎደሬ ውኃው ውስጥ መለሱት። «መቼ ልትነግሪያቸው ነው?»

«አልነግራቸውም። ዓርብ ባላቸው መጥተው ይነግሯቸዋል።»

«ቀብሩስ?»

«ነገ ነው።»

አዴ ዘምዘም አተኩረው አዩኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኛ ጋ ጀናዛ ሰው አይጠብቅም። ሰው ይሰማል፣ ይሮጣል፣ አፈር ያለብሳል። ለቅሶው ኋላ ይደርሳል። የሐጂ መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ቡና ጭኖ ጅማ ይሄድ የለ? ከጅማ መኪና አይጠፋም። ንገሪያቸው።»

«ታመው ነው እኮ አዴ። አደራ ተብያለሁ።»

«ዱጋ ነው፣ እውነትሽን ነው፣ ታመዋል። ግን እናት ናት። የሰው እናት መርዶ በእጅሽ ይዘሽ አትደሪ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይንገሯቸው።»

«አደራው ላንቺ ነው የተሰጠው። እኔ ያንቺን አፍ አልቀማም» አሉና ሽርጣቸውን ፈቱ። እጃቸውን ታጥበው ሻሻቸውን አስተካከሉ። «እኔ ግን ፊታቸውን ማየት አልችልም። አሟታል በያቸው» ብለው በጓሮ ወጡ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን እትዬ ጥሩወርቅ በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ፀሐይ ላይ ዘርግተው ብርቱካን ይልጡ ነበር። የሐጂ ፒክአፕ ከቡና ማስጫው በኩል ጆንያ ጭኖ መጣ። ሾፌሩ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆም አደረገና አንገቱን አወጣ።

«ጽጌ! ጅማ የሚላክ አለ?»

ይህን ጥያቄ በየቀኑ ይጠይቀኛል። አንዳንድ ቀን ለእናቴ ሙዝ እልክበታለሁ። ያን ዕለት እትዬ ጥሩወርቅን አየሁ፣ መኪናውን አየሁ። ጋቢናው ባዶ ነበር።

«የለም» አልኩት።

«ውይ፣ ለእማዬ አንድ ደብዳቤ ቢጤ ልልክ አስቤ ነበር» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ የብርቱካኑን ልጣጭ ጭናቸው ላይ እየሰበሰቡ። «ሳልጽፍ አመለጠኝ። ግድ የለም፣ ቅዳሜ ራሴ እሄድ የለ።»

መኪናው ሄደ። ቀዩ አቧራ ብን ብሎ ተነስቶ ቀስ በቀስ የቡናው ቅጠል ላይ ተኛ። እትዬ ጥሩወርቅ ብርቱካኑን ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ፤ በላሁት። ጣፋጭ ነበር ይሆናል።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ከደዶ በኩል ማር የሚያመጡ አንድ ሽማግሌ በቅል ሞልተው ማር ይዘው መጡ። እትዬ ጥሩወርቅ በጣታቸው ጠልቀው ቀመሱ፣ ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩ፣ ሽማግሌውን ሦስቴ አስማሉ። ሽማግሌው «ወላሂ፣ ንቧ ራሷ ትመስክር» ሲሉ እትዬ ጥሩወርቅ ተረቱ፤ ገዙ። ከዚያ እኔና እሳቸው መንገድ ላይ እንዳይፈስ የቅሉን አፍ በሙዝ ቅጠል ሸፍነን በገመድ ማሰር ጀመርን።

«እዚህ ጋ ጣትሽን ያዢልኝ» አሉ። ቋጠሮው እንዳይላላ ጣቴን ገመዱ ላይ ጫንኩ። ሲያስሩ ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

«እዪኝ አንቺ፣ ይህን ሁሉ ደክሜ፣ እማዬ አንዴ ቀምሳ ምን እንደምትል ልንገርሽ?» አሉና የእናታቸውን ድምፅ አስመስለው፣ አፍንጫቸውን ነፍተው፣ «"ስኳር ነው!"» አሉ። ከዚያም መሳቅ ጀመሩ። ቁስላቸው እንዳይሳብ ሆዳቸውን ይዘው፣ «ውይ አታስቂኝ» እያሉ፣ ያሳቅኋቸው እኔ ይመስል።

እኔም ሳቅሁ። ስንት ነገር ይቅር የምለው ሲኖረኝ ይህችን ግን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል። ጣቴ ቋጠሮው ላይ ነበረ፣ ሰዓቱን እያየሁ ሳቅሁ፤ ሳቁም ወደ ውስጤ አልገባም፣ ከአፌ ብቻ ነበር የወጣው።

ዓርብ ገና ሳይነጋ ተነስቼ ጨጨብሳውን ሠራሁ። አዴ ዘምዘም አልተመለሱም ነበር። ቂጣውን በእጄ ቆራርሼ፣ ቅቤና በርበሬውን በእጄ አሸሁት። እትዬ ጥሩወርቅ እየተንጠራሩ መጡ። «ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ በጨለማ?» አሉ እንጂ ደስ ብሏቸው በሉ። «ጨምሪልኝ» አሉ፣ ጨመርኩላቸው። ገና ሳህኑን ሳላነሳ የመኪና ድምፅ ተሰማ።

«ግርማ ነው! ቅዳሜ አልነበረም እንዴ?» ብለው ብድግ አሉ። በረንዳው ላይ ወጥተው ሲያዩ ባላቸው፣ ሁለት ወንድሞቻቸው፣ አንዲት የወንድም ሚስት። የቤቱ እንግዳ መሆናቸውን ረስተው እንግዳ ተቀባይ ሆኑ። «ውይ በሞትኩት! ከነወንድሞቼ! ግቡ፣ ግቡ፣ ቁርስ ደርሷል። ጽጌ፣ ውኃ አምጪ፣ ወንበር አምጪ። ደሞ መንገዱ እንዴት ነበር ብለሽ እንዳትጠይቂያቸው!» ብለው ወደ እኔ ዞረው ሳቁ።

የወንድማቸው ሚስት ከመኪናው መጨረሻ ወረደች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር።

የእትዬ ጥሩወርቅ ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ ለትንሽ ጊዜ ፊታቸው ላይ ቆየ። «ማን ነው?» አሉ።  «እማዬ ናት?» አሉ። ወንድሞቻቸው በሁለት ወገን ክንዳቸውን ያዙ።

ለቅሶውን አልጽፈውም። ውኃ የሞላባቸው ብርጭቆዎች በትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰችም።

ቀኑ ከረፈደ በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ መሬት ላይ እንደተቀመጡ፣ ድምፃቸው አልቆ፣ «ቀብሯስ?» ብለው ጠየቁ። ታላቅ ወንድማቸው «ትናንት በዘጠኝ ሰዓት» አሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ግንባራቸውን ቋጥረው ሲያሰላስሉ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጽጌ፣ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን እያደረግን ነበር?»

«ማሩን ስናስር ነበር።»

«ታውቂ ነበር?»

ሁሉም አዩኝ። አቶ ግርማ ብቻ ጫማቸውን ነበር የሚያዩት።

«አላውቅም ነበር» አልኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዎ» አሉ። «አንቺማ ብታውቂ ትነግሪኝ ነበር።»

ከሰዓት በፊት ሄዱ። ማሩን አልወሰዱትም፤ ጠረጴዛው ላይ እንደታሰረ ቀረ። ለአዴ ዘምዘም ስሰጣቸው «ባለቤት አለው፣ እኔ አልወስድም» አሉኝ። ስለዚያ ጉዳይ ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ከዚያ በኋላ ግን «ኢንተላ ኮ» ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። ቅሉ ዕቃ ቤት ተቀምጦ ማሩ ደረቀ። በሳምንቱ ሌሎች እንግዶች መጡ፤ አንሶላ አሰጣሁ፣ ውኃ ሰጠሁ፣ ወንበር ሰጠሁ፣ ዝም አልኩ። ሐጂ «ማሻ አላህ፣ እንግዳ መቀበል ተክነሻል» አሉኝ። ዓመት ሳይሞላ የታይፕ ትምህርት ተገኘና ጅማ ገባሁ፤ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ በደም ግፊት ያለ ዕድሜዬ ጡረታ ወጣሁ። ያን ዕለት የያዘኝ ድንዛዜ ግን ሙሉ በሙሉ የለቀቀኝ አይመስለኝም። ባለቤቴ ሲሞት እንኳ ሰው «ጠንካራ ናት» አለኝ። ጥንካሬ አልነበረም።

እንግዲህ ባለፈው ኅዳር ጨጨብሳው ፊቴ ተቀምጦ ያሰብኩት ይህን ሁሉ ነው። ሄለን «ብዪ እንጂ» አለች እንደገና። እጆቿን አየሁ፤ ልጄ በሰው እናት ሳይሆን በራሷ እናት ላይ ይህን ሥራ እንድትሠራ ተፈርዶባታል። አዘንኩላት። ጣቷን ከቋጠሮው ላይ ማንሳት ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ ገባኝ።

ሳህኑን ገፋ አደረግሁት። ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅሁም።

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አልኳት።

ሄለን ዳዊትን አየች፣ ዳዊት እሷን። «ለደም ግፊትሽ ፈርተን እኮ ነው፣ ነገ ልንነግርሽ…» ሲል አቋረጥኩት።

«ስንት ሰዓት?»

«ዘጠኝ ሰዓት» አለ።

ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። «ጫማዬን አምጪልኝ» አልኳት ሄለንን።

ዳዊት ነዳ።  የጊቤን ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ከኋላ አጠገቤ የተቀመጠችው ሄለን ሳልጠይቃት ተናገረች። «እማዬ፣ እኔ ማታውኑ ሰምቼ ነበር። ደህና እደሪ ስልሽ አውቅ ነበር።» ከዚያ እጆቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ያዝኳቸው።

እህቴን ደርሼ ቀበርኩ። አፈሩን በእጄ ጨበጥኩ፣ በተንኩ። እንባዬ የመጣው ዘግይቶ ነው፣ ቢሆንም መጥቷል። ልጄ ግን ጊቤ ዳገት ላይ የተናገረችውን ሳስብ አፍራለሁ። እሷ በግማሽ ቀን የጨረሰችውን እኔ ይኸው ሠላሳ ዓመት ይዤው ዞርኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ በሕይወት ካሉ ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የት እንዳሉ አላውቅም፤ ይህን ማንበባቸውንም እጠራጠራለሁ። ቢሆንም ጠይቀውኝ ነበርና መልስ ይገባቸዋል። እትዬ ጥሩወርቅ፣ ማሩን ስናስር፣ እርስዎ ሆድዎን ይዘው ሲስቁ፣ አውቅ ነበር።